ካውያ ለማን ይጽፋል?

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ግራዬ ከላውንደሪው ደጃፍ ደርሳ ዝናቡን ከፀጉሯ ላይ ስታራግፍ፣ ካውያ ከባንኮኒው ወዲያ ቆሞ የአንድ ሸሚዝ ኮሌታ ይተኩስ ነበር። ቀና ብሎ አላያትም። ድሮ ቢሆን በሩ ገና ሲንቀሳቀስ ቀና ይል ነበር። ድሮ የተባለው እንግዲህ የሦስት ሳምንት ድሮ ነው፤ ልቡ ለተያዘ ሰው ግን ሦስት ሳምንትም ድሮ ይባላል።

ታሪኩን ከመሐል ለሚቀላቀል አንባቢ የኋላውን በጥቂቱ ማንሳት ደግ ነው።

ግራዬ የጡረተኛው ዳኛ ልጅ ናት። ስሙን ያወጡላት አባቷ ናቸው፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በግራ እጇ ስለምትጽፍ ግራዬ አሏት፣ በዚያው ጸና። ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ሥራዋ ለትናንሽ አገልግሎት ሰጪዎች፣ ለፀጉር ቤቱ፣ ለቧንቧ ሠራተኛው፣ ለጥርስ ሐኪሙ፣ በማኅበራዊ ሚዲያ ምን፣ መቼ፣ ለማን እንደሚጽፉ ዕቅድ ማውጣት ነው። እናቷ ሰው ሲጠይቃቸው "ቢሮ ነው የምትሠራው" ይላሉ። ቢሮው የት እንደሆነ የሚጠይቅ ሰው እስካሁን አልገጠማቸውም።

ካውያ ደግሞ የላውንደሪው ልጅ ነው። ይህንንም ስም ያወጡለት የትምህርት ቤት ጓደኞቹ ናቸው፤ ሌላው ልጅ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ተንከርፍፎ ሲመጣ የእሱ ሁልጊዜ መስመር ነበረው። አባቱ ሲሞቱ ትምህርቱን አቁሞ ከእናቱ ጎን ቆመ፤ ይኸው የላውንደሪው ኃላፊ ሆነ። የዳኛውን ጥቁር የችሎት ካባ ሃያ ዓመት ሙሉ ያጠቡትና የተኮሱት የካውያ እናት ናቸው። ደንበኛው ሁሉ እማማ ይላቸዋል።

ግራዬ መጀመሪያ ስትመጣ ላውንደሪው በማኅበራዊ ሚዲያ አራት ገጽ ነበረው። በአራቱም ላይ ያልተለጠፈ ነገር አልነበረም። አበባ ከ"መልካም ሰኞ" ጋር፣ የኳስ ውጤት፣ ስለ ትዳር የሚቀለድ ቀልድ፣ ሣጥን ውስጥ የተኛች ድመት። ልብስ ማጠብ የሚባል ነገር ፈልጎ ለማግኘት ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር።

"ይሄ ሁሉ ለማን ነው?" አለችው ያን ቀን።

"ለሰው ነዋ።"

"ለየትኛው ሰው?"

"ላየው።"

"ላየው ሁሉ የሚያወራ ሱቅን ማንም አይሰማውም" አለችው። "ድመቷ ቆንጆ ናት፤ ግን ድመት አይተው ሱፍ ኮት ይዘው አይመጡም።"

ሦስቱን ገጽ ዘጋችበትና አንዱን ተወችለት። በሳምንት አንድ ጽሑፍ፣ ዐርብ ጠዋት፣ ሰው የቅዳሜ ልብሱን በሚለይበት ሰዓት። ርእሱ ከሦስት ነገር አይወጣም፦ ልብሱን ከማምጣታቸው በፊት ቤት ውስጥ ምን እንዳያደርጉ፣ ልብሱ እዚህ ከገባ በኋላ ምን ምን እንደሚያልፍ፣ ሰው ባንኮኒው ላይ ተደግፎ የሚጠይቀው ጥያቄ። ላይክ አይቆጠርም። የሚቆጠረው "ጽሑፉን አንብቤ ነው የመጣሁ" ያለ ሰው ብቻ ነው፤ እሱንም እማማ ግድግዳው ላይ ባለው ካሌንደር በእርሳስ ይጭራሉ። ስምምነቱ ለአሥራ ሁለት ሳምንት ነበር።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ወረቀት ሰጠችው። የደንበኛ ወረቀት ትለዋለች። "አንድ ሰው ምረጥ። የፈጠራ ሰው እንዳይሆን፣ በሕይወት ያለ ሰው ይሁን። ዕድሜው፣ ልማዱ፣ የሚፈራው ነገር፣ ስልኩን የሚያየው መቼ እንደሆነ፣ ሁሉንም ሙላ። ከዚያ ለሺህ ሰው አትጻፍ፤ ለእሱ ብቻ ጻፍ። ሌላው ራሱ ይሰማል።"

በሳምንቱ ስትመለስ ወረቀቱን ሞልቶ አጥፎ ኪሱ ከቶት ነበር። "ላሳይሽ ግዴታ ነው?" አላት።

"ግዴታማ አይደለም" አለች።

የተሳሳተችው እዚህ ላይ ነው። ሌላ ማንም ደንበኛ ቢሆን ያን ወረቀት ሳታይ አንድ መስመር አታስጽፍም። የእሱን ግን፣ እምቢ ሲል ድምፁ ዝቅ የሚልበትን ነገር ስለወደደችው፣ ዝም ብላ አለፈችው።

ካውያ ስልክ ላይ መጻፍ አይሆንለትም። ሸሚዝ ከሚጠቀለልበት ቡናማ ወረቀት ይቀድና በእስክሪብቶ ይጽፍላታል፤ እሷ ተይባ ታወጣዋለች። ሁለተኛው ሳምንት እንዲህ ነበር፦ "ጃንጥላሽን ረስተሽ ነው የወጣሽው። አውቃለሁ። ሱፍ ኮትሽ ሲረጥብ ምድጃ አጠገብ አትስቀይው። ወፍራም መስቀያ ላይ አድርጊውና የሚደርቀውን ያህል ይድረቅ፤ ሱፍ ሲቸኩሉበት ይኮማተራል።" ግራዬ አንብባው ፈገግ አለች። ጎበዝ ተማሪ ነው አለች በሆዷ። በዚያ ሳምንት ስድስት ጭረት ነበር። በሰባተኛው ሳምንት ሠላሳ አንድ ደረሰ፤ እማማ እርሳሱን ሁለት ጊዜ ቀረጹት።

ታዲያ ከመንገዱ ማዶ ያለችው ፋርማሲስት ማክሰኞ ማክሰኞ ነጭ ጋዋኖቿን ታመጣለች። መልከ መልካም ናት፣ ሳቅ አታጣም፣ ክርኗን ባንኮኒው ላይ ጣል አድርጋ ነው የምታወራው። ሰባተኛው ጽሑፍ እጅጌ ላይ ስለሚነካ ቀለም ነበር። ማክሰኞ መጣችና ቀለም የነካው ጋዋን ዘርግታ፣ "ይሄን የጻፍከው ለእኔ ነው አይደል?" አለችው። ካውያ ፈገግ አለ። አዎም አላለ፣ አይደለምም አላለ። ግራዬ ጥግ ላይ ካለው በርጩማ ተቀምጣ ስልኳን የምታይ መስላ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሆነው አጭር ነው። "ጽሑፉ በጣም ጠበበ፤ ሰፋ እናድርገው" አለችው። በስምንተኛው ሳምንት ያመጣላትን ወረቀት ተቀብላ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችው። ያችን አንዲት ሴት የሚመስለውን ሁሉ አወጣችና አናቱ ላይ "ውድ ደንበኞቻችን" ብላ ጻፈች። ራሷ የሠራችውን ዕቅድ ራሷ አፈረሰችው። ካውያ ወረቀቱን ተቀብሎ ረጅም ጊዜ አየው።

"እሺ፣ ገባኝ" አለ።

ምን እንደገባው አልጠየቀችውም። ዘጠነኛውንና አሥረኛውንም እንዲሁ ሰረዘች። ጭረቶቹ አሥራ ዘጠኝ ሆኑ፣ ከዚያ ስምንት፣ ከዚያ ሦስት።

ወደዚያች ሐሙስ እንመለስ።

"ነይ ግቢ፣ አይበርድሽ" አሉ እማማ ከማሽኖቹ በኩል። "ምነው፣ ጃንጥላ እኮ ገበያ ላይ አለ።"

"ረሳሁት እማማ።"

"እሱንማ አየሁት።"

ግራዬ ወደ ባንኮኒው ቀረበች። "የነገውን ጽሑፍ ልውሰድ ብዬ ነው።"

"የለም" አለ ካውያ።

"አልጻፍክም?"

"ምን ልጻፍ? ውድ ደንበኞቻችን ልብሳችሁን አምጡልን። እሱን አንቺም ትጽፊዋለሽ።"

"ገና አሥር ሳምንት ነው እኮ ያለቀው። የተስማማነው..."

"አሥሩ ይበቃል።" ኮሌታውን ገለበጠው። "ደግሞስ ልትሄጂ አይደል? አጎትሽ ያሉበት ከተማ፣ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሥራ አግኝተሻል አሉ።"

"ማን አለ?"

"አባትሽ ኮታቸውን ሲያመጡ ለእማዬ ነገሯት።"

"ገና አልመለስኩላቸውም። እስከ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ብለውኛል።"

"ሂጂ እንጂ ታዲያ" አለ። "እንዲህ ያለ ነገር በየቀኑ አይመጣም።"

አንድ ነገር እንዲጨምር ጠበቀች። የካውያው እንፋሎት ብቻ አፏጨ። ካውያ ካለፈው ሳምንት ወዲህ ትንሽ ከስቷል፤ ወይ ለእሷ መስሏት ይሆናል። ከመደርደሪያው ላይ እንደ ሸሚዝ በቡናማ ወረቀት የተጠቀለለና በሲባጎ የታሰረ ነገር አወረደና ገፋ አደረገላት።

"ይሄ ያንቺ ነው።"

"እኔ እዚህ ልብስ ሰጥቼ አላውቅም።"

"ልብስ አይደለም። ንብረትሽ ነው፤ ቤትሽ ስትደርሺ ታይዋለሽ።"

ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስጦታ ከሆነ የስንብት ነው፤ ካልሆነ ደግሞ ከዚያ የከፋ ነገር ነው፤ ሁለቱንም መክፈት አላሰኛትም። እማማን ተሰናበተችና ወጣች። ውጪ ዝናቡ አባርቶ ነበር፣ እሱም አናደዳት። የምትናደድበት ነገር ስለፈለገች እንጂ ዝናቡስ ምንም አላደረጋት።

* * *

ዐርብ ምሳ ላይ የዳኛው ቤት እንደወትሮው ጸጥ ያለ ነበር። እናቷ ሾርባ ይቀዳሉ፣ ዳኛው ስልካቸውን ከሳህኑ ጎን አስደግፈው መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው ያወርዳሉ።

"ዛሬ ዐርብ ነው" አሉ። "ጽሑፉ አልወጣም።"

ግራዬ ቀና አለች። "የትኛው ጽሑፍ?"

"የላውንደሪው።"

"እርስዎ ያነቡታል እንዴ አባዬ?"

"ልጄ የምትሠራውን ባላነብ ምን አነባለሁ? ጡረተኛ ነኝ፤ ጋዜጣው በሦስት ሰዓት ያልቃል።"

"ተቋርጧል" አለች። "ከእንግዲህ አይወጣም።"

"የተቋረጠውስ ቀደም ብሎ ነው። ከስምንተኛው ጀምሮ የጻፈው ሌላ ሰው ነው። ምስክሩ ተቀይሯል።"

እናቷ ሳቁ። "የልብስ አጣቢ ማስታወቂያ ላይ ችሎት ሊያስችልልን ነው።"

ዳኛው አልሳቁም። ከኪሳቸው ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አወጡ። ሰባቱን ጽሑፎች በእጃቸው ገልብጠዋቸው ነበር። ደስ ያላቸውን ነገር በእጅ መገልበጥ የወጣትነት ልማዳቸው ነው፤ ስልክ ላይ ያለ ነገር እንደሌለ ነው የሚቆጥሩት።

"ሠላሳ አራት ዓመት ሰው የጻፈውን ሳነብ ኖሬያለሁ" አሉ። "ለብዙ ሰው የሚጽፍና ለአንድ ሰው የሚጽፍ እጁ ይለያል። ይህ ሰው ለአንዲት ሴት ነው የሚጽፈው።"

"አውቃለሁ" አለች ግራዬ። ማንኪያዋን አስቀመጠች። "እኔ ነኝ እንዲያ አድርግ ያልኩት። ፋርማሲስቷ ናት።"

"ማን አለሽ?"

"አየሁ። ጋዋኗ ላይ ቀለም ነበር።"

ዳኛው ደብተሩን ገለጡ። "ሁለተኛው ሳምንት። ጃንጥላ ትረሳለች። ይህ ብዙ ሰው ነው፣ ማስረጃ አይሆንም። አራተኛው። 'ስትጨነቂ የኮትሽን ሁለተኛ ቁልፍ ታጠማዝዢዋለሽ፤ ክሩ ላልቷልና ሳይወድቅ አምጪው።' ይህም ይሁን፣ ሊገጥም ይችላል። ሰባተኛው።" መነጽራቸውን አስተካከሉ። "'ቀለሙ የሚነካሽ የግራ እጅጌሽን ነው፤ እጅሽ የጻፍሽውን ከኋላ እየተከተለ ስለሚጠርገው። አትሺው፣ ይሰፋል። ከሥሩ ንጹሕ ጨርቅ አድርጊና አልኮል በነካ ጥጥ ከላይ ጫን ጫን አድርጊው።'"

ደብተሩን ዘጉ።

"ፋርማሲስቷ በየትኛው እጇ ነው የምትጽፈው?"

ግራዬ አስታወሰች። ፋርማሲስቷ የመድኃኒት ካርቶን ላይ "ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ" እያለች ስትጽፍ ስንት ጊዜ አይታታለች።

"በቀኝ" አለች።

እጇ ኮቷ ላይ ነበር። ሁለተኛው ቁልፍ ላይ። ሦስቱም አዩት፤ እሷም እጇን ለማውረድ ጊዜ ወሰደባት።

እናቷ ጭልፋውን አስቀመጡ። "እና ልብስ አጣቢው ልጄን በአደባባይ ሲያወራባት ነው የከረመው?"

"በአደባባይ ማንም አላወቃትም" አሉ ዳኛው። "እናቷ አንቺ እንኳ አላወቅሻትም።"

እናቷ ጭልፋውን መልሰው አነሡ። ከዚያ፣ "ልብሳችንን ያጥባል፤ ጨዋ ልጅ ነው፣ አልጠላውም። ግን እዚያ ላይ ይብቃ" አሉ። "ነገ ስድስት ሰዓት ለወንድሜ እሺ ብላ ትመልሳለች፣ አለቀ።"

"አባዬ?" አለች ግራዬ።

ዳኛው ስልካቸውን አጠፉ። "ደስ ብሎኛል ብዬ አልዋሽሽም። ደስ አላለኝም። ግን ደስ አለማለትና መከልከል ሁለት ነገር ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ልብሴን ሰጥቼው፣ ከዚህ ሰው ጋር አንድ ቀን ቁጭ ብዬ አላወራሁም። በማላውቀው ሰው ላይ ፈርጄ አላውቅም፣ አሁን አልጀምርም።" ሾርባቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። "ቀዝቅዟል" አሉ።

ግራዬ ተነሥታ ወደ ክፍሏ ገባች። የከሰዓት ፀሐይ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። ሲባጎውን ፈታች።

አሥሩ ቡናማ ወረቀቶች ነበሩ፣ በየሳምንታቸው ተደርድረው። ሰባቱ ንጹሕ ናቸው። ሦስቱ ላይ የራሷ ቀይ መስመር አለ። መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው፤ በማስመሪያ ነበር የሰረዘቻቸው። ከቀዩ ሥር ያለውን ያኔ በቅጡ አላነበበችውም፣ ሌላ ሴት ናት ብላ ስለነበር። አሁን አነበበችው። "ሳትበዪ ስትውዪ ዳቦውን ቆመሽ ትበያለሽ፤ ፍርፋሪው ሹራብሽ ላይ ይቀራል።" ሰርዛዋለች። "ስትስቂ እጅሽን አፍሽ ላይ ስለምታደርጊ የእጅጌሽ ጫፍ ቶሎ ይቆሽሻል፤ እኔ ጋ ግን ይለቃል፤ ሳቂ።" ይህንንም ሰርዛዋለች። ከጎኑ በራሷ እጅ ጽሑፍ "ለሁሉም አይሆንም" የሚል አለበት።

ከታች የደንበኛ ወረቀቱ ነበር።

ዕድሜ፦ አልጠየቅኋትም። ሥራ፦ የሰውን ሥራ ማስተካከል። የምትፈራው ነገር፦ ስትሳሳት ሰው እንዳያያት። ስልኳን የምታየው መቼ ነው፦ ሰው እንዳያናግራት ስትፈልግ። ከእኛ የምትፈልገው አገልግሎት፦ ምንም፤ ልብሷን ራሷ ነው የምታጥበው።

የመጨረሻው ጥያቄ፣ ለሁሉም ደንበኞቿ "ይሄ ካልተሞላ ዕቅድ የለም" የምትለው፣ እንዲህ ይል ነበር፦ ለምን እናንተን ትመርጣለች?

ከፊቱ ያለው ቦታ ባዶ ነበር። ተጽፎ የተፋቀም አይደለም። እርሳስ እንኳ አልነካውም። ግራዬ ያን ባዶ ቦታ በአውራ ጣቷ ዳበሰችው፤ ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ያስለቀሳት ያ ያልተጻፈው ነው።

* * *

ቅዳሜ ላውንደሪው የሚጨናነቅበት ቀን ነው። ሦስት ሰው በወረፋ ቆሟል፣ ትልቁ ማሽን ውኃውን እየጨመቀ ወለሉን ያንቀጠቅጣል። ግራዬ ስትገባ ካውያ ቀና አለ። ሳያስበው ነው ቀና ያለው፤ ወዲያው ወደ ሸሚዙ ተመለሰ።

"ወረፋ ያዢ" አሉ እማማ፣ ለነገሩ ያህል። "ምን ይዘሽ ነው?"

"ወረቀት ነው እማማ።"

"ወረቀት አናጥብም" አሉና ከወረፋው ፊት የቆመውን ሰውዬ ብርድ ልብስ ይዘው ወደ ውስጥ ገቡ። የሚገቡበትን ሰዓት ያውቃሉ።

ግራዬ ባንኮኒውን ዞራ በተኩስ ጠረጴዛው በኩል ቆመች። ማሽኑ ስለሚጮህ ጠጋ ማለት ነበረባት።

"ለፋርማሲስቷ መስሎኝ ነበር።"

"ምኑ?"

"ሰባቱም።"

ካውያ ካውያውን ቀጥ አድርጎ አቆመው። "ለፋርማሲስቷ?"

"ለእኔ ነው የጻፍከው ስትልህ ፈገግ አልክ።"

"ታዲያ ምን ልበላት? አይ፣ አንቺ አይደለሽም ልበላት? ማናት ብትለኝስ? አንቺ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ።"

ወረፋው ላይ ያለች አንዲት ሴት ቁጥር ወረቀቷን እያየች ጆሮዋን ወደዚህ ያደረገች ትመስል ነበር።

"ቀዩን መስመር ሳይ መልስሽ ነው አልኩ" አለ ካውያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ገብቷታል፣ በጨዋ ደንብ ነው እምቢ ያለችኝ፣ አልኩ። አከበርኩሽ። ዘጠነኛው ላይ እንደገና ሞከርኩ፤ ሰረዝሽው። አሥረኛው ላይ እንዲያ ስለ ሳቅሽ ጽፌ ሰረዝሽው። ከዚያ በላይ ሰው እንዴት ይለምናል?"

"ቅናት ነበር።"

"ቅናት?" ትንሽ አሰበ። "በማስመሪያ ነው እኮ የሰረዝሽው።"

"ስናደድ ማስመሪያ እጠቀማለሁ።"

"ይሄን አላወቅሁም ነበር።"

"ወረቀቱ ላይ አልጠየቅኩህማ።"

ሊስቅ ነበር፣ ተወው። ግራዬ የደንበኛ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ሸሚዙ ላይ ዘረጋችው። "አንዱን አልሞላኸውም።"

አላየውም። የቱን እንደምትል ያውቃል። "መልስ አጣሁለት" አለ። "ሌሎቹን በአንድ ቁጭታ ነው የሞላኋቸው። እሱ ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። የዳኛ ልጅ ናት። እኔ ጧት ተነሥቼ የሰው እድፍ ከምን እንደሆነ ሳጣራ የምውል ሰው ነኝ። እናቴ የአባትሽን ካባ ስትተኩስ ነው ያደግሁት። እስቲ ምን ብዬ ልሙላው?"

"እሱን የሚሞላው ባለ ሱቁ አይደለም። ደንበኛው ነው።"

"እንዲያ ብለሽ አላስተማርሽኝም።"

"እንግዲያው የእኔ ጥፋት ነው።" እጇ ወደ ቁልፏ ሄደ፤ አየችው፤ ይሁን ብላ ተወችው። "አየህ፣ እኔ በዚያ ቤት ሠላሳ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። ይወዱኛል፣ አላማቸውም። ግን ይሄን ቁልፍ እንደማጠማዝዘው የነገረኝ ሰው የለም። ጥርስ ሐኪሙ፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ሁሉም የሚያየኝ የእሱን ነገር እንዳስተካክልለት ነው። አንተ ግን የማይጠቅምህን ሁሉ አይተሃል። ስታጥብልኝ እንኳ አይደለም። ምንም ሳልሰጥህ ነው ያየኸኝ።"

ካውያ መልስ ሊሰጥ ነበር። ስልኳ ጮኸ። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለስድስት አሥር ጉዳይ ይላል። አጎቷ ናቸው።

"አቤት ጋሼ" አለች። አንድ ጆሮዋን በጣቷ ደፈነች። "ደኅና ነኝ። አዎ፣ ልደውልልዎ ነበር። አልመጣም።"

ትልቁ ማሽን መጨረሻው ላይ ደርሶ ይዘፍን ጀመር።

"አልመጣም ነው የምልዎ ጋሼ። አይ፣ መኪና ጠፍቶ አይደለም። መኪናስ ነበር። አልመጣም።" ሰማች። "ሰኞም አይደለም። ማክሰኞም አይደለም። አይሰማኝም... ማሽን ነው።"

እማማ ከውስጥ ብቅ አሉ። ልጃቸውን አዩ፣ ግራዬን አዩ፣ ማሽኑን አዩ። በሃያ ዓመት ውስጥ ሥራ ላይ ያለ ማሽን አቋርጠው አያውቁም፤ ልብሱ ይጨማደዳል። ሄዱና አጠፉት።

"እዚሁ እቀራለሁ ጋሼ፤ የምወደው ሰው እዚህ ነው ያለው።"

ማሽኑን አሸንፋ ለመሰማት ባወጣችው ድምፅ ስለነበረ የተናገረችው፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ከግድግዳ ግድግዳ ተሰማ። ወረፋው ላይ ያሉት ሦስቱም ሰዎች ዞሩ። ባለ ብርድ ልብሱ ሰውዬ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ለምን እንዳወለቀው ራሱም ያወቀው አይመስልም። ከስልኩ ውስጥ የአጎቷ "እናትሽ ታውቃለች?" የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ።

"ዛሬ ታውቃለች" አለች ግራዬ፣ አሁን በልኳ ድምፅ።

"አሁን ተሰማ" አሉ እማማና ማሽኑን መልሰው አስነሡት። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ትንሽ ቆዩ። ካውያ የተኩስ ጠረጴዛውን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል፤ የሚናገር ሰው አይመስልም። ባይናገርም ግራዬን አላስቸገራትም፤ አሥር ሳምንት ሲናገር ከርሟል።

ኀፍረቱ እስኪመጣ ጠበቀች። ስትሳሳት ሰው እንዳያያት ስትሸሽ የኖረች ሴት፣ ሦስት የማታውቃቸው ሰዎች ፊት ልቧን ዘርግታ፣ ጉንጯ እስኪግል ጠበቀች። አልጋለም። ቤት ስትገባ እናቷ ምን እንደሚሏት ታውቃለች፣ አባቷም ምን እንደማይሉ ታውቃለች፤ ለሁሉም ቀን አለው። አሁን የተሰማት፣ ረጅም ደብዳቤ ለሌላ ሰው ነው ብሎ ሲያነብ ቆይቶ የራሱን ስም ያገኘ ሰው የሚሰማው ዓይነት ነገር ነበር። ደስታ ነው፤ ግን ደስታ ብቻ አይደለም፤ ምነው ቀስ ብዬ ባነበብኩት የሚል ትንሽ ጸጸትም ይዟል፤ ጸጸቱም ቢሆን ደስ ይል ነበር።